ካርቱን ነው ብዬ ነው የከፈትኩት

ስለ ሕልም የተሠራ የጃፓን ፊልም ቆቦ ላይ አራት ሰዎች አዩት፤ አራቱም ያዩት የየራሳቸውን ነው

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ልጆችዎ ሳሎን ተቀምጠው ካርቱን ሲያዩ እርስዎ የት ነዎት? እውነቱን እንነጋገር ካልን አብዛኞቻችን ወይ ወጥ ቤት ነን፣ ወይ ስልካችን ላይ ነን። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው በእጅ የተሣለ ነገር እስከሆነ ድረስ ልባችን ያርፋል። ተኩስ ያለበት የሰው ፊልም ሲመጣ «ቀይሩት!» ብለን የምንጮህ ወላጆች፣ ካርቱን ሲሆን ግን ምን እንደሚል እንኳ ቀና ብለን አናይም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስ።

ያን ሰሞን ለዘመድ ሰርግ ቆቦ ሄጄ ነበር። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት የሄዱ ሁሉ ያውቁታል፤ ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና ሜዳው ይከፈታል፤ ደጋ የለበሱት ጃኬት ይከብድዎታል። ጥር ስለነበር ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው በየግቢው ተከምሯል። ሰርጉ አልፎ ሰው ሲበተን፣ አክስቴ ቤት አንድ ሁለት ቀን ልረፍ ብዬ ቀረሁ። አመሻሹ ላይ ልጆቹ «ፊልም የለህም ወይ?» አሉኝ። ላፕቶፔ ላይ አንድ ወዳጄ «ግድ እየው» ብሎ በፍላሽ የሰጠኝ፣ እኔም ያላየሁት የጃፓን አኒሜሽን ነበር። ስሙ «ፓፕሪካ» ነው። ካርቱን ነው ብዬ ከፈትኩት።

ያን ምሽትና ያን ሌሊት የሆነውን ልንገርዎ። ከዚያ በፊት ግን ፊልሙን ያላዩት ከሆነ ስለ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስተዋውቅዎ።

ሰው ሕልም ውስጥ የሚገባበት ማሽን

«ፓፕሪካ»ን የሠራው ሳቶሺ ኮን የተባለ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መነሻው ያሱታካ ሱትሱይ የጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ልብ ወለዱ መጀመሪያ በክፍል በክፍል ይወጣ የነበረው በሴቶች መጽሔት ላይ ነበር። ይኸ ነገር ለእኛ ለመጽሔት ሰዎች ደስ ይላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ያሉ ሐኪሞች «ዲሲ ሚኒ» የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይሠራሉ። መሣሪያውን ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ ሐኪም፣ የተኛው በሽተኛ ሕልም ውስጥ ገብቶ አብሮት ማየት፣ አብሮት መሄድ ይችላል። ዓላማው ሕክምና ነው። ዶክተር ቺባ አትሱኮ ቀን ቀን ፊቷ የማይፈታ፣ ቁጥብ ሐኪም ናት፤ ሕልም ውስጥ ስትገባ ግን ፓፕሪካ የምትባል ቀይ ፀጉር ያላት፣ ሳቂታና ቀልጣፋ ልጅ ትሆናለች። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ማን ይጠቀምበት፣ ማን አይጠቀምበት የሚለው ቁልፍ ሳይበጅለት መሰረቁ ላይ ነው። ሌባው የአንዱን በሽተኛ ሕልም በሌላው ጭንቅላት ውስጥ መዝራት ይጀምራል። ሰዎች ቆመው ያልማሉ። የተቋሙ ኃላፊ እንደ ደህና ሰው ሲያወሩ ቆይተው በድንገት ትርጉም የሌለው ነገር መለፍለፍ ይጀምሩና በመስኮት ይዘላሉ።

ከዚያ ሰልፉ ይመጣል። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ሰልፍ ነው። አሻንጉሊቶች፣ መሣሪያ የሚነፉ እንቁራሪቶች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ፍሪጆች፣ የነፃነት ሐውልት ሳይቀር፣ ሁሉም በአንድነት እየጨፈሩና ኮንፈቲ እየበተኑ ይሄዳሉ። ሙዚቃው የሱሱሙ ሂራሳዋ ነው፤ አንዴ ከሰሙት ከጆሮ አይወጣም። ሰልፉ መጀመሪያ በአንድ ሰው ሕልም ውስጥ ነው፤ እየቆየ የሌሎችን ሕልም እየዋጠ ያድግና በመጨረሻ ሕልምና እውን የሚለያቸውን ግድግዳ ጥሶ ከተማው መንገድ ላይ ይወጣል።

ሳቶሺ ኮን የታወቀበት ጥበቡ ሽግግር ነው። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገኛል፤ ከወንበር ሲነሣ ዛፍ ላይ ነው። የትኛው ሕልም እንደሆነ፣ የትኛው እውን እንደሆነ ተመልካቹ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ተመልካቹን ለሁለት ሲከፍል ኖሯል። አንዱ ወገን «ዓይኔ ጠገበ፣ ታሪኩ ግን ጠፋብኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕልም መቼ መስመር ይዞ ያውቅና?» ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንሴፕሽን» ሲወጣ፣ ወደ ሰው ሕልም መግባትን አስመልክቶ ብዙ ተመልካቾች ሁለቱን ፊልሞች ማነጻጸር ጀመሩ። ኮን ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ውስጥ በጣፊያ ካንሰር በ46 ዓመቱ አረፈ። የጀመረው ሌላ ፊልም ሳያልቅ ቀረ፤ «ፓፕሪካ» ሠርቶ የጨረሰው የመጨረሻው ረጅም ፊልም ሆነ።

ከማየቴ በፊት ላውቀው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር። ይህ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ሲታይ በዓመፅና በወሲባዊ ምስሎች ምክንያት ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳይገባ የሚከለክል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፊልም ግን ደረጃ አይጻፍበትም።

አንድ ፊልም፣ አራት ተመልካች

ሳሎኑ ውስጥ አምስት ነበርን። አክስቴ ቡና እያፈሉ ነው። የጎረቤት ሼህ አባባ ለአቦል መጥተው መከዳ ላይ ተደግፈዋል። የአክስቴ የልጅ ልጆች ሁለት ናቸው፤ አንዷ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፣ አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ። እናታቸው ለሥራ ወልድያ ነበረች።

ልጅቷ ገና ፊልሙ ሲጀምር ነቃች። «ይኼ እኮ አኒሜ ነው!» አለች። የእርሷ ትውልድ አኒሜን ያውቃል። የእኛ ትውልድ በቪዲዮ ቤት የሕንድ ፊልም አስተርጓሚ እየሰማ እንዳደገ፣ እነርሱ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ የጃፓኑን ያያሉ። መርማሪ ፖሊሱ ሰርከስ መሀል ቆሞ፣ ተመልካቾቹ ሁሉ የራሱን ፊት ለብሰው ሲሮጡበት፣ እርሷ ሳቀች። «አየህ፣ ራሱን ነው የሚፈራው» አለችኝ። እኔ ገና ማን ማን እንደሆነ እየለየሁ ነበር።

ሼህ አባባ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ሰውዬ፣ ይኸ መሣሪያ ነውር ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሕልም ሦስት ዓይነት ነው። ከፈጣሪ የሚመጣ የምስራች አለ፤ ከሸይጧን የሚመጣ ማስጨነቂያ አለ፤ ሰው ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለው ደግሞ ማታ ይመጣበታል። ሦስቱም የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሳይነግርህ ሕልሙ ውስጥ መግባት፣ ሳያንኳኩ ቤት መግባት ነው።» ፊልሙ ውስጥ ያሉት የተቋሙ አዛውንት ሊቀ መንበርም ስለ ሕልም ቅድስና ብዙ ይናገራሉ። ልዩነቱ፣ ሼህ አባባ በሰው ሕልም ላይ ሥልጣን አለመፈለጋቸው ነው።

ከዚያ ሰልፉ መጣ።

ፍሪጁ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ማይክሮዌቩ እየተከተለ፣ አሻንጉሊቶቹ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ እየሳቁ፣ ከበሮው እየተመታ መጣ። ፊልሙን አዲስ አበባ ብከፍተው ኖሮ «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይኼን ያሰበው?» እንል ነበር። ዓለምም ያደነቀው ይህንኑ ነው፤ ማንም ያላየውን ማሳየቱን።

አክስቴ ግን ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና፣ «ፍሪጅ በአስፋልት ሲሄድ እኛም አይተናል እኮ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ፣ ቆቦ የሰው ሕይወት ያለፈባት፣ ንብረት የተዘረፈባት ከተማ ሆና ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጳጉሜንና መስከረም አካባቢ ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስም ቆቦና አካባቢዋ ከፊት ነበሩ። በዚያ ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ የሄደውን ፍሪጅ፣ አልጋና ፍራሽ ሕፃናትም በበር ቀዳዳ አይተዋል።

ያኔ ነው ዞር ብዬ ልጁን ያየሁት። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «ይጥፋ?» አልኩት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ጊዜው ግን አልፏል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጮኸው። ስነሣ አክስቴ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ላብ አጥምቆታል፤ ነቅቷል፤ ያወቀውን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ «መጡ» ይላል።

አክስቴ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለወራት እንዲህ ሲቃዥ ኖሯል። «ዱካክ ነው» ያሉ ነበሩ፤ ጠበል የወሰዱትም፣ ዱዓ ያደረጉለትም ነበሩ። ቀስ በቀስ ቀንሶ፣ ከዘመን መለወጫ ወዲህ ጭራሽ ቀርቶለት ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ያሳዩኝ ትዝብት የለም፤ እኔ ግን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ተኩስ ያለበትን ፊልም እዚያ ቤት ማንም አይከፍትም። እኔ ካርቱን ነው ብዬ ከፈትኩ።

አክስቴ ያደረጉትን ግን በደንብ አየሁ። ለዚህ ጽሑፍም ምክንያቱ ያ ነው።

መጀመሪያ መብራት አላበሩም፤ ኩራዟን ነው ያበሩት። ውኃ ሰጡት። «ምንም የለም፣ ተኛ» አላሉትም። አቀፉትና ጠበቁ። ትንፋሹ ሲረጋ፣ «ሕልም አየህ?» አሉት። «አዎ።» «ለበጎ ያድርገው። ንገረኝ።» ነገራቸው። አሻንጉሊቶቹና ፍሪጁ በአስፋልቱ ከላይ እየመጡ ነበር፤ ግቢው በር ላይ ደረሱ፤ በሩ አልዘጋ አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ነቃሁ።»

«እህ፣ አላለቀማ!» አሉት። «ያላለቀ ሕልም አይፈታም። አንተ የት ነበርክ?»

ልጁ አሰበ። «ግቢ ውስጥ።»

«ግቢ ውስጥ ሆነህማ እንዴት ታባርራቸዋለህ? ግሪሳ ሲመጣ የት ትወጣለህ?»

ቆላ ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ ሁለቴ አያስብበትም። በራያ ሜዳ ማሽላ ሲያፈራ የግሪሳ ወፍ መንጋ እንደ ደመና ይመጣል፤ ልጆች ከሰብሉ መሀል በተሠራ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ያባርሩታል። «ማማው ላይ» አለ።

«ታዲያ ውጣ።»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርሱ ነው የተናገረው። አሻንጉሊቶቹ ከላይ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ወንጭፉን አንዴ ሲያጮኸው ተነሥተው በረሩ። ፍሪጁ መብረር አቃተው። ፍሪጁን ምን እናድርገው? አክስቴ «ይግባ ይቀመጥ፤ የኛ ነው» አሉት። ልጁ ሳቀ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለውን አባባል ከልጅነትዎ ጀምሮ ሰምተውት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የምንረዳው፣ ፈቺው ክፉ ከተናገረ ክፉ ይሆናል፣ ደግ ከተናገረ ደግ ይሆናል በሚል ነው። ለዚህም ነው ጥርስ ሲወልቅ ያየ ሰው ለማን እንደሚነግር የሚጠነቀቀው፤ ለዚህም ነው ሰሚው ገና ሳይሰማ «ለበጎ ያድርገው» ወይም «ኸይር ይሁን» የሚለው። ወሎ ውስጥ የሁለቱም እምነት ሰዎች ቡና ላይ ሲገናኙ የዮሴፍን ወይም የዩሱፍን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ የፈርዖንን ሕልም ሰምቶ አገር ያዳነ ፈቺ ነውና።

አክስቴ ያን ሌሊት ያደረጉት ግን ከትንቢት ጋር የሚያገናኘው የለም። ወደፊት ምን እንደሚሆን አልነገሩትም። ሕልሙን እንዲጨርሰው ነው ያደረጉት። ጠዋት ላይ ስጠይቃቸው ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገን» አሉ፤ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሌሊት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከአክስቴና ከልጅቷ ጋር የቀረውን ፊልም ጨረስነው። ካቆምንበት በኋላ ለስምንት ዓመት ቀርቶ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም የሚከብድ ትዕይንት ነበረው፤ እርሱን ዘለልኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ። መርማሪ ፖሊሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያሳድደው አንድ ቅዠት አለው። ኮሪደር ውስጥ አንድ ሰው ይመታል፤ ገዳዩ ያመልጣል፤ እርሱ ሮጦ አይደርስበትም፤ ወለሉ ይከዳዋል፤ ይነቃል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቋረጣል። እውነቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በወጣትነቱ ከጓደኛው ጋር ፊልም ሲሠራ ነበር፤ ፊልሙን ሳይጨርስ ትቶት ሄደ፤ ጓደኛው በኋላ ሞተ። የሚድነው ሕልሙን ተመልሶ ገብቶ በራሱ እጅ ሲጨርሰው ነው። ፊልሙ የሚያበቃው ይህ ሰው፣ ለዓመታት «ፊልም አልወድም» ሲል የኖረው ሰው፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት ሲገዛ ነው።

አክስቴ ጃፓንኛውንም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍም አያውቁም። ልጅቷ እየተረጎመችላቸው ነበር። ሲያልቅ «ይኸው፣ ጨረሰው» ብቻ አሉ።

ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ?

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የማነበው ነገር ሁሉ ወደዚያ ሌሊት ይመልሰኝ ነበር። እርስዎም ልጅ ካለዎት የሚጠቅምዎትን ጨምቄ ላቅርብ።

እንቅልፋችን አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍለ ጊዜ እንዳለ ጻፉ። ቁልጭ ያለ ሕልም በብዛት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ክፍለ ጊዜ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቅዠት በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ንጋት ገደማ ነው። ልጁ ይነቃል፣ ያወቀዎታል፣ ያየውን መናገር ይችላል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ነገር አለ። ልጁ በተኛ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጮሃል፣ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን እርስዎን አያውቅዎትም፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ይህ «የሌሊት ድንጋጤ» ሲሆን የሚመጣው ከከባድ እንቅልፍ ነው። ለማንቃት መታገል ያባብሰዋል። እንዳይወድቅ ወይም እንዳይጋጭ ጠብቀው፣ እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ መሆን ይበቃል። ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

ቅዠት ለሚደጋገምበት ሰው ደግሞ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ። ሰውየው ቀን ላይ፣ ነቅቶ ሳለ፣ ቅዠቱን ይጽፈዋል ወይም ይናገረዋል፤ ከዚያ ታሪኩን እርሱ በፈለገው መንገድ ይቀይረዋል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይለማመደዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ለቅዠት ሕመም ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው። ኩራዝ አብርተው «ከዚያስ?» ያሉት አክስቴ፣ ማንም ሳያስተምራቸው ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ነበር ያደረጉት።

ይህን ስል አያትና ማማ ሁሉን ያድናሉ ማለቴ አይደለም። ልጁ ከእኔ ፊልም በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንደቃዠ እናቱ ነግራኛለች። ከአስፈሪ ነገር በኋላ ቅዠቱ ከወር በላይ ከዘለቀ፣ ልጁ መተኛት ከፈራ፣ ቀን ላይም ከደነገጠ፣ ጨዋታና ትምህርት ካስጠላው፣ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ከጀመረ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ጠበሉንም ዱዓውንም ሳይተዉ ሐኪም ጋ መሄድ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለቤትዎ

ከዚያ ጥር ወዲህ እኔ ቤት ውስጥ የለወጥኳቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለእርስዎም ይጠቅሙ ይሆናል።

አንደኛ፣ ካርቱን የዕድሜ ደረጃ አይደለም። አኒሜሽን የአሠራር ዓይነት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ በአሻንጉሊት የተሠራ ዝግጅት ለሕፃን ታስቦ እንደተሠራ ሁሉ፣ በሥዕል ተሠርተው ለአዋቂ ብቻ የታሰቡ ፊልሞችም አሉ። የሳቶሺ ኮን ፊልሞች በአብዛኛው ከእነዚህ ናቸው። ስሙን ስልክዎ ላይ ጽፈው የተሰጠውን የዕድሜ ደረጃ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች አብረው ይዩ። ስክሪኑን ብቻ አይዩ፤ የልጅዎንም ፊት ይዩ። የፈራ ልጅ ሁሉ አይጮህም። ዝም ያለው፣ ጋቢ የሳበው፣ ድንገት ጣቱን መጥባት የጀመረው ልጅ እየነገረዎት ነው።

ሦስተኛ፣ ልጅዎ ያየውን ያውቃሉ፤ ያለፈበትን ግን ያስታውሱ። ለአንዱ ልጅ ሳቅ የሆነው ሰልፍ ለሌላው ትዝታ ነው። በቅርቡ ሰው የሞተበት፣ ቤቱን ትቶ የተሰደደ፣ ወይም የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ቤትዎ ካለ፣ ወይም እንግዳ ሆኖ ከመጣ፣ ፊልም ሲመርጡ እርሱን ያስቡ።

አራተኛ፣ ሲቃዥ «ሕልም እልም ነው፣ ተኛ» ብለው አይዝጉት። ያቅፉት፣ ይረጋጋ፣ ከፈለገ ይናገር። ካልፈለገ አያስገድዱት። ከተናገረ ግን «ከዚያስ?» ይበሉት፤ መጨረሻውን ራሱ ይሥራው። መሣሪያውን እርስዎ አይምረጡለት። የከተማ ልጅ ማማና ወንጭፍ ላያውቅ ይችላል፤ እርሱ የሚያውቀው ኳስ፣ ብስክሌት ወይም ውሻው ሊሆን ይችላል።

«ፓፕሪካ»ንስ ይዩት? እርስዎ አዎ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ከተቻለ ከሚያወራ ሰው ጋር ይዩት። ታሪኩ ቢጠፋብዎ አይጨነቁ፤ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ጠፍቶበታል። ሲያልቅ ግን አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ አንተ ሰልፉ ላይ ምን አየህ? መልሱ ከፊልሙ ይልቅ ስለዚያ ሰው ብዙ ይነግርዎታል። እኔ አክስቴን ዕድሜ ልኬን አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚያ መስከረም ግን አንድም ቀን አውርተውኝ አያውቁም ነበር። ያወሩኝ በዚያ ሌሊት፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ቆቦን ለቅቄ የወጣሁ ዕለት ፀሐይ ከዞብል ተራራ በኩል ገና ብቅ እያለች ነበር። ልጁ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጠራኝና፣ «አጎቴ፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ።

«ፖሊሱ ሌባውን ያዘው» አልኩት።

«እኔም ይይዘዋል ብዬ ነበር» አለ።